በጊዜው የሚሰጥ ምግብ፦ የመጋቢነት ትምህርትና የደሴ የእህል ገበያ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ ክርስቲያናዊው የመጋቢነት ትምህርት ስለ ሀብትና ስለ ድህነት የሚያስተምረውን በደቡብ ወሎ፣ በተለይም በደሴና በኮምቦልቻ ታሪክ ላይ ይመረምራል። ዋና ማስረጃው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ ነው። ጽሑፉ የሚያቀርበው ሐሳብ፣ የባለሀብት ሥነ ምግባራዊ ኀላፊነት የሚጀምረው ምጽዋት ከሚሰጥበት ደጅ ሳይሆን ከዚያ አስቀድሞ እህል በሚሸጥበት፣ ገንዘብ በሚበደርበትና ደመወዝ በሚከፈልበት ቦታ ነው የሚል ነው። በመጨረሻም ትምህርቱ በዛሬዎቹ የቅሬ፣ የአጥቢያና የፋብሪካ ኑሮ ላይ የሚያስከትለውን ያመለክታል።

1. መግቢያ

በደሴ ከተማ የሚገኘው የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል። ስሙ ማንንም የማይንቅ፣ ከማንም ጋር መብላትን የማይጠየፍ ማለት ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የታነጸው ይህ አዳራሽ ለመኳንንቱም ለተራው ሰውም ማዕድ የሚዘረጋበት እንዲሆን መታሰቡን ስሙ ራሱ ይናገራል።

በአማርኛ «ግብር» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። ገበሬው ከምርቱ ለገዥው የሚያስገባው ግብር ነው፤ ገዥው ለሠራዊቱና ለሕዝቡ የሚያበላውም ግብር ነው። ስለዚህ የማዕዱን ቸርነት ያመሰገነ ሰው እህሉና ሠንጋው ከማን ደጅ እንደ መጣ ሊጠይቅ ይገባዋል። ጥያቄው የሰጪውን ቸርነት ለማሳነስ የሚነሣ አይደለም፤ የሚሰጠው ነገር እንዴት እንደ ተሰበሰበ ሳይታወቅ ስጦታው ብቻ ሊመዘን ስለማይችል ነው።

በዐውደ ምሕረት ስለ ሀብት የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ጊዜ ሁለት ነጥቦችን ያነሣል፤ በሀብት አለመመካትና ለድኻ መመጽወት። ሁለቱም በቅዱሳት መጻሕፍትና በአበው ትምህርት የጸኑ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚመለከቱት ሀብቱ ከተገኘ፣ ድኻውም ከደኸየ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። አንድ ነጋዴ እህሉን መቼና ለማን እንደሚሸጥ፣ አንድ አበዳሪ በክፉ ዘመን ምን መያዣ እንደሚቀበል፣ አንድ ባለቤት በድርቅ ወራት ሎሌውን ከቤት ያስወጣ እንደሆነ ወይም ያቆየው እንደሆነ በዚያ ትምህርት ውስጥ እምብዛም አይነሣም። በወሎ ታሪክ ግን የብዙ ሰው ሕይወት የተወሰነው በእነዚህ ጉዳዮች ነው።

2. «መጋቢ» የሚለው ቃልና ሦስቱ ግዴታዎች

በግእዝ «መገበ» ማለት አስተዳደረ፣ መራ፣ መገበ ማለት ነው። «ምግብ» እና «መጋቢ» ከዚሁ ግንድ የወጡ ናቸው። በገዳማት ሥርዓትም መጋቢ የገዳሙን ንብረትና የማኅበሩን ቀለብ የሚያስተዳድር ሹም ነው። ስለሆነም በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ንብረትን ማስተዳደርና ሰውን ማብላት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አይደሉም።

ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12፥42 ታማኝና ልባም መጋቢ ማን እንደሆነ ሲጠይቅ የመጋቢውን ሥራ በሦስት ነገሮች ይገልጸዋል። አንደኛ፣ መጋቢው በጌታው የተሾመ ነው፤ ባለቤት አይደለም። ሁለተኛ፣ የተሾመው በቤተ ሰዎቹ ላይ ነው፤ በጎተራው ላይ የተሾመውም ስለ እነርሱ ነው። ሦስተኛ፣ ምግቡን የሚሰጠው በጊዜው ነው።

የመጀመሪያው ግዴታ በስብከት ደጋግሞ ይሰማል። ምድርና ሞላዋ የእግዚአብሔር መሆኗን መዝሙረ ዳዊት ያስተምራል፤ ኦሪት ዘሌዋውያን 25፥23ም መሬት ለዘለዓለም እንዳይሸጥ ሲከለክል ሕዝቡን በእግዚአብሔር ምድር ላይ እንደ እንግዳ ይቆጥራል። ከዚህ የሚከተለው ተጠያቂነት ነው። በሉቃስ ምዕራፍ 16 መጋቢው የመጋቢነቱን ሒሳብ እንዲያቀርብ ይታዘዛል። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይህ ሥርዓት ጥንታዊ ምስክር አለው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ በሰጠው ወንጌል ውስጥ ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሮ ይገኛል። የማኅበር ንብረት ተቆጥሮ በወንጌሉ ላይ መጻፉ ዝርዝሩ በሰው ብቻ ሳይሆን በእግዚአብሔርም ፊት የተቀመጠ ሒሳብ መሆኑን ያሳያል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ግዴታ ግን ያነሰ ትኩረት ያገኛሉ። ምጽዋት ጊዜ የለውም፤ ዛሬ ያልሰጠ ነገ ሊሰጥ ይችላል። ቀለብ ግን ጊዜ አለው። በሐምሌ ሊደርስ የሚገባው እህል በኅዳር ቢደርስ ያው እህል አይደለም፤ ሊበላው የነበረው ሰው በመካከሉ በሬውን ሸጦ፣ መሬቱን አስይዞ ወይም ሞቶ ይሆናል። ስለዚህ «በጊዜው» የሚለው ቃል የመጋቢነትን ትምህርት ከልብ ቸርነት አሳልፎ ወደ ወቅት፣ ወደ ገበያና ወደ አስተዳደር ያደርሰዋል።

3. የቂሳርያ ጎተራ

ይህን ትምህርት በረሃብ ዘመን ከሁሉ ይልቅ ያስፋፋው ቅዱስ ባስልዮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ368 እና በ369 ዓ.ም. ገደማ በቀጰዶቅያ ቂሳርያ ጽኑ ረሃብ ሆነ። ባስልዮስ በዚያን ጊዜ ገና ቄስ ነበር፤ ኤጲስ ቆጶስነት የተሾመው በ370 ዓ.ም. ነው። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በቀብሩ መታሰቢያ ባቀረበው ንግግር እንደሚገልጸው፣ ከተማዋ ከባሕር የራቀች በመሆኗ ትርፏን መላክም ጉድለቷን ከውጭ መሙላትም ይቸግራት ነበር። እህል ያከማቹ ሰዎችም የሌላውን ችግር ለትርፍ ይጠብቁ ነበር። ባስልዮስ በስብከቱ የባለጠጎቹን ጎተራ አስከፈተ፤ የተራቡትንም በአንድ ቦታ ሰብስቦ አበላ።

ስለ ሰነፉ ባለጠጋ (ሉቃ. 12፥16-21) በሰጠው ስብከት የሚያነሣው ዋና ነገር የባለጠጋው ክፋት መስረቁ አለመሆኑን ነው። እርሻው በራሱ አፈራለት፤ ዝናቡና ፀሐዩም ከእግዚአብሔር ናቸው። ኀጢአቱ በረከቱን እንደ ችግር ማየቱ፣ ለትርፉ ቦታ ሲፈልግ በዙሪያው ያሉትን አፎች አለማየቱ ነው። ባስልዮስ ጎተራን ለመክፈት የእህል ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅን በግልጽ ያወግዛል። በእርሱ ዘንድ ማከማቸት ራሱ ኀጢአት አይደለም፤ ኀጢአት የሚሆነው የጎተራው በር የሚከፈትበትን ቀን የሰው ረሃብ ሳይሆን ዋጋው ሲወስነው ነው።

የቂሳርያና የወሎ መመሳሰል ብዙ ነው፤ ሁለቱም ከባሕር የራቁ ደጋማ አገሮች ናቸው፤ በሁለቱም ዝናብ ቀርቶ ረሃብ ገባ። ነገር ግን በመካከላቸው ያለው ልዩነት የበለጠ ያስተምራል።

4. የደሴ ገበያ በ1965 ዓ.ም.

በ1964 ዓ.ም. የክረምቱ ዝናብ በወሎ ብዙ ወረዳዎች ሳይሟላ ቀረ። በ1965 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብም እንዲሁ ሆነ። በዚያው ዓመት የተራቡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አስመራ የሚወስደውን ዋና መንገድ እየተከተሉ ወደ ከተሞች ይጎርፉ ጀመር። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ የሄዱ መምህራን ያነሷቸው ፎቶግራፎች ጉዳዩን በአዲስ አበባ እንዲታወቅ አደረጉ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። ይኸው ፊልም ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ለኢትዮጵያ ተመልካቾች ቀረበ። በረሃቡ ያለቁት ሰዎች ቁጥር እንደ አጥኚዎቹ ይለያያል፤ የተሰጡት ግምቶች ከ50,000 እስከ 200,000 ይደርሳሉ።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ስለ ድህነትና ስለ ረሃብ በሚያትት መጽሐፍ ለዚህ ረሃብ አንድ ምዕራፍ ሰጥተዋል። ከማስረጃዎቻቸው ዋነኛው የደሴ ገበያ ነው። ሴን እንዳሳዩት በደሴ የአብዛኛው እህል ዋጋ ረሃቡ በጸናበት ወቅት ከቀድሞው ብዙም አልናረም። ይባስ ብሎም በዚያው ጊዜ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይጫን እንደ ነበር የሚገልጹ ዘገባዎችን ይጠቅሳሉ። የእርሳቸው ማብራሪያ የተራቡት ሰዎች እህሉን የሚገዙበት አቅም ማጣታቸው ነው። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን ሌላውን የሚገዛበትንም አጣ። ከብቱን ለመሸጥ ቢያወጣም በአንድ ጊዜ ብዙ ከብት ገበያ ስለወጣ በብዙ የማይመለስ ዋጋ ተሸጠ። ገንዘብ የሌለው ሰው በገበያ ድምፅ የለውም፤ የራበው ቢበዛም ዋጋውን አያስወጣውም። የደሴ ገበያ ዋጋ አለመናር የጥጋብ ምልክት ሳይሆን የገዢው አቅም መሟጠጥ ምልክት ነበር።

ይህ ማብራሪያ ትችት አልታጣበትም። ስቲቨን ዴቨሩ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጽሑፍ በወሎ የእህል ምርት በእርግጥ በብርቱ መቀነሱን፣ መንገድ በሌለበት ገጠርም የደሴ ዋጋ የመላውን ወሎ ሁኔታ ሊያሳይ እንደማይችል ተከራክረዋል። ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ክርክሩ መቋጨት አያስፈልገውም። እጥረቱ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ በዋናው መንገድ ዳር ሰዎች በረሃብ በሚወድቁበት ወቅት በገበያው እህል ነበረ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በቂሳርያ ባስልዮስ የገጠመው ዋጋ እስኪንር የሚያደባ ነጋዴ ነበር። በደሴ ግን ነጋዴው በተለመደው ዋጋ ሸጧል፤ ገንዘብ ያለው ገዢ ወደሚገኝበትም ጭኗል። ሚዛን ያልሰረቀ፣ ዋጋ ያልቆለለ፣ ሕግ ያልጣሰ ነጋዴ በምን ይጠየቃል? ስስትን ብቻ የሚያወግዝ ስብከት ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። መልሱ በሉቃስ ምዕራፍ 16 በአልዓዛርና በባለጠጋው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ያ ባለጠጋ አልዓዛርን እንደ ዘረፈው፣ ከደጁም እንዳባረረው አልተጻፈም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአንጾኪያ በዚህ ምዕራፍ ላይ በሰጣቸው ተከታታይ ስብከቶች፣ ካለው ላለማካፈል መወሰን ራሱ ከቅሚያ የሚቆጠር መሆኑን ያስተማረው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ባለጠጋው የተፈረደበት ያደረገው ነገር ኖሮ ሳይሆን በየቀኑ በደጁ የሚያልፈውን ነገር እንደ ተለመደ በመቁጠሩ ነው።

ከሴን ጽሑፍ ሌላም ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። በመጠለያዎች ከተገኙት ችግረኞች መካከል ከብታቸው ያለቀባቸው አርብቶ አደሮች፣ ጭሰኞች፣ ጥቂት መሬት የነበራቸው ገበሬዎች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ሸማኔዎችና ሌሎች የእጅ ባለሙያዎች፣ በከተማ በአገልግሎት የሚተዳደሩ ሴቶች እንዲሁም ከገበሬ ቤት የተሰናበቱ ሎሌዎችና ጥገኞች ይቆጠራሉ። የመጨረሻዎቹ ከመጋቢነት ትምህርት ጋር በቀጥታ ይገናኛሉ። ሎሌው በጥጋብ ዘመን የቤቱ ሰው ነበር፤ እርሻውን አርሷል፣ ከብቱን ጠብቋል። ድርቅ ሲመጣ መጀመሪያ ከቤት የወጣው እርሱ ሆነ። በሉቃስ ምዕራፍ 12 መጋቢው በጊዜው ቀለብ እንዲሰጣቸው የታዘዘው ለእነዚሁ ቤተ ሰዎች ነው። ያሰናበታቸው ገበሬ ራሱም ድኻ ሊሆን ይችላል፤ ለልጆቹ ያለውን ለማትረፍ ያደረገው እንጂ በጭካኔ ያደረገው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ከእርሱ ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ገበሬው ሎሌውን ሳያሰናብት ክረምቱን እንዲያልፍ ሊያበድረው፣ መሬቱን ሊያርስለት ወይም ግብሩን ሊያዘገይለት የሚችለው ማን ነበር?

5. የሻጩ በረከት

ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ጥያቄ ላይ ከሚጠበቀው በላይ ዝርዝር አላቸው። መጽሐፈ ምሳሌ 11፥26 እህልን የሚያስቀር በሕዝብ እንደሚረገም፣ በሚሸጠው ራስ ላይ ግን በረከት እንደሚሆን ያስተምራል። ልብ ሊባል የሚገባው በረከቱ ለሚመጸውተው ሳይሆን ለሚሸጠው መሆኑ ነው። በጊዜው መሸጥ በራሱ የጽድቅ ሥራ ተደርጎ ተቆጥሯል። ይህ ነጋዴን የሚያሳፍር ሳይሆን ሥራውን የሚያከብር ትምህርት ነው። እህልን ከመኸር እስከ ክረምት ማቆየት ወጪም ነቀዝም ያለበት አገልግሎት ነው፤ ዋጋውም ይህን ሊያካትት ይገባል። ማቆየትና ማስቀረት ግን የተለያዩ ናቸው። ነጋዴው ያቆየውን እህል ማን እንደሚበላው አስቦ ከሆነ አቆየ ይባላል፤ ስለሚበላው ሰው ምንም ካላሰበ አስቀረ ይባላል።

በነቢዩ አሞጽ ምዕራፍ 8 የኢፍ መስፈሪያን ማሳነስ፣ ሰቅልን ማክበድና የስንዴ ግርድ መሸጥ ድኻን ከመርገጥ ጋር ተቆጥረዋል። በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 5 ደግሞ ሕዝቡ በረሃቡ ምክንያት እርሻውን፣ የወይን ቦታውንና ቤቱን አስይዞ እህል እንደ ተበደረ፣ ልጆቹንም ለባርነት እንደ ሰጠ ይነበባል። ነህምያ አበዳሪዎቹን ምጽዋት ስጡ አላላቸውም፤ የያዙትን እርሻና የወሰዱትን ወለድ እንዲመልሱ አስማላቸው። ክፉ ዘመን ያስገኘው ግዢ በሰላም ዘመን እንደ ተደረገ ግዢ አይታይም ማለት ነው። በወሎ ገበሬ በችግር ጊዜ በሬውን በእርካሽ የሸጠለት፣ በአራጣ የተበደረው ወይም መሬቱን ያስያዘው ሰው ሕጋዊ ውል ኖሮትም በዚህ መለኪያ ይጠየቃል።

የዮሴፍም ታሪክ በዚህ መልክ ሊነበብ ይገባል። በዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን አከማችቶ በረሃቡ ዘመን ጎተራውን ከፈተ፤ ለዚህም የመጋቢ ምሳሌ ሆኗል። በምዕራፍ 47 ግን ግብፃውያን መጀመሪያ ገንዘባቸውን፣ ቀጥሎም ከብታቸውን፣ በመጨረሻም መሬታቸውንና ራሳቸውን ሰጥተው እህል ገዙ፤ ምድሪቱም የፈርዖን ሆነች። ሕይወትን ያተረፈ ጎተራ ነጻነትን ሊያሳጣ እንደሚችል መጽሐፉ ሳይሸሽግ ይተርካል። ረሃብተኛን ማዳን ብቻ ሳይሆን ከዳነ በኋላ በሬና መሬት ይዞ እንዲቆይ ማድረግም የመጋቢነት ክፍል ነው።

6. ቅሬ፣ ማኅበርና አጥቢያ

በወሎ እድር በብዙ ቦታ ቅሬ ይባላል። በአንድ ቅሬ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት በአንድነት ይታቀፋሉ፤ አንዱ የሌላውን ሬሳ ያነሣል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛውን ያጽናናል። ቅሬ ከምጽዋት የሚለየው ተቀባዩ ተመጽዋች ባለመሆኑ ነው። ሀብታሙም ድኻውም እኩል ያዋጣሉ፤ የሚደርሰውም በልመና ሳይሆን በአባልነት ነው። በዚህ ረገድ ቅሬ የመጋቢነትን ሁለት ግዴታዎች ይፈጽማል፤ ቤተ ሰዎቹን ያውቃቸዋል፣ ድጋፉንም በጊዜው ያደርሳል። ሬሳ ስለማያድር ቅሬ አይዘገይም።

ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። የቅሬ ሥርዓት በዋናነት ለሞት የተሠራ ነው። አባሉ ሲሞት ድንኳኑ በሰዓታት ውስጥ ይተከላል፤ ያው አባል በሬው ሲሞትበት ወይም ከሥራ ሲወጣ ግን የሚነሣ ሰው ላይኖር ይችላል። ለተዝካር የሚወጣው ወጪም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣል። ሙታንን ማሰብ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ ለነዳያን ማብላቱም ከተዝካሩ ዓላማ አንዱ ነው። ነገር ግን ሙት ዓመት ለማውጣት የተበደረ ቤተሰብ በሚቀጥለው ክረምት ራሱ ነዳይ ከሆነ፣ ተዝካሩ የታሰበለትን ዓላማ ስቷል። በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ ቅሬዎች፣ የጽዋ ማኅበራትና ሰንበቴዎች ከመዋጮአቸው ጥቂቱን አባል ከብቱን ከመሸጡ ወይም ዕቃውን ከማስያዙ አስቀድሞ ለሚሰጥ ያለ ወለድ ብድር ቢመድቡ፣ የነበራቸውን ሥርዓት ሳያፈርሱ ለሕያዋንም በጊዜው ይደርሳሉ።

ቤተ ክርስቲያንም ራሷ ባለንብረት በመሆኗ ከዚህ መለኪያ አትወጣም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቃለ ዓዋዲን በ1965 ዓ.ም. አውጥታ አጥቢያዎች በሰበካ ጉባኤ እንዲመሩ አደረገች። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. ወደ ሕዝብ ይዞታ ሲዛወር የቤተ ክርስቲያን የጥንት ገቢ ተቋረጠ፤ የካህናቱም ቀለብ በምእመናን አስተዋጽኦ ላይ ወደቀ። ፍትሐ ነገሥት በመንፈሳዊው ክፍሉ ስለ ምጽዋት የተለየ አንቀጽ መያዙ የታወቀ ነው፤ ለአጥቢያም ቢሆን ሀብት ሲመጣ ነዳያንን ማሰብ በፈቃድ የሚደረግ ጭማሪ አይደለም። ዛሬ በከተማ የሚገኙ አጥቢያዎች ሱቅ ሠርተው ሲያከራዩ ሦስቱ ግዴታዎች በእነርሱም ላይ ይሠራሉ፤ ሒሳቡ ለምእመናን ይቀርባል ወይ፣ የአጥቢያው ድኾች በስም ይታወቃሉ ወይ፣ ድጋፉስ በበዓል ቀን ብቻ ነው ወይስ በክረምትም?

በዚሁ ዘመን ሌሎችም ጥያቄውን አንሥተዋል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የወንጌል ስብከትንና የሰውን ኑሮ ማሻሻልን መነጣጠል ሰውን መክፈል መሆኑን አስረድታለች። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በኩልም የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን በ1964 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ሁለቱም እርምጃዎች የወሎ ረሃብ በዓለም ከመታወቁ በፊት የተወሰዱ ናቸው። በእስልምናም ዘካ በመጠንና በጊዜ የተወሰነ ግዴታ እንጂ የቸርነት ምርጫ አለመሆኑ በወሎ የሁለቱ ሃይማኖት ሰዎች በዚህ ጉዳይ ላይ በቀላሉ እንዲግባቡ ያደርጋል።

7. ኮምቦልቻ፦ መጋዘንና ፋብሪካ

ከደሴ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ወደ ደሴና፣ በባቲ በኩል፣ ወደ አሰብ የሚከፈልባት ከተማ ናት። በአገር አቀፍ ደረጃ የመጠባበቂያ ምግብ ክምችት ሲደራጅ ከመጋዘኖቹ አንዱ በኮምቦልቻ የሆነውም ስለዚህ ነው። የክምችቱ አሠራር ከመጋቢነት ትምህርት ጋር ይስማማል። እርዳታ ሰጪ ድርጅት የሚመጣው እህል በመርከብ ላይ ሳለ ከመጋዘኑ ተበድሮ ያከፋፍላል፤ የራሱ ሲደርስ ይተካል። የክምችቱ ጥቅም በብዛቱ ብቻ ሳይሆን እህሉ በጊዜው እንዲደርስ በማድረጉ ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች በደረሳቸው ጊዜ ይህ ሥርዓት ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ ታየ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ከሰሜን የተፈናቀሉ ሰዎች በደሴ በትምህርት ቤቶችና በየሰው ቤት ተጠልለው ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ መጋዘኖች በመዘረፋቸው የዓለም ምግብ ፕሮግራም በደሴና በኮምቦልቻ ስርጭቱን ማቋረጡን አስታወቀ። መጋዘን ሲፈርስ የቀረው ጎረቤት ነበር። እንግዳ የተቀበለው ቤት የራሱን ጎተራ ለሁለት ቤተሰብ የከፈለ እንጂ ትርፍ ኖሮት የሰጠ አልነበረም።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማም ናት። ከቀድሞዎቹ የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካዎች በተጨማሪ የኢንዱስትሪ ፓርኳ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ከገጠር የመጣች ወጣት ሠራተኛ ከአያቷ የሚለያት እህል አለማምረቷ ነው፤ የምትበላውን ሁሉ በደመወዟ ትገዛለች። ስለዚህ በሴን ትምህርት መሠረት ረሃብ የሚጠጋት ዝናብ ሲቀር ብቻ ሳይሆን ደመወዟ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋን መሸከም ሲያቅተውም ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም መደንገጉ ጉዳዩ በሕግም እንደ ታሰበ ያሳያል። ክርስቲያን አሠሪ ግን ቦርዱን ሳይጠብቅ የሚጠየቅበት ሕግ አለው። ኦሪት ዘዳግም 24፥15 የድኻ ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ በቀኑ እንዲከፈለው ያዝዛል፤ የያዕቆብ መልእክት 5፥4ም የተቀማ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ያስተምራል። እዚህም ላይ መለኪያው መጠን ብቻ ሳይሆን ጊዜ ነው። የደመወዙን ግማሽ ቆርጦ በበዓል ዘይትና ዱቄት የሚያድል አሠሪ ለራሷ የሚገባትን መልሶ እየመጸወታት ነው።

8. መደምደሚያ

ከዚህ ጥናት ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ መጋቢነት በግእዙም በወንጌሉም ቋንቋ ሀብትን ከማስተዳደርና ሰውን ከማብላት የተገኘ አንድ ሥራ ነው፤ መለኪያውም በጊዜው መድረሱ ነው። ሁለተኛ፣ የ1965 ዓ.ም. የደሴ ገበያ ሰው ሁሉ በተለመደው መንገድ እየነገደ፣ ማንም ዋጋ ሳይቆልል ሕዝብ ሊራብ እንደሚችል ያሳያል። ስለሆነም ስስትን ማውገዝ አስፈላጊ ቢሆንም አይበቃም፤ የመግዛት አቅም ያጣውን ጎረቤት ማየት የነጋዴው፣ የአበዳሪው፣ የአሠሪውና የአጥቢያው ግዴታ ነው። ሦስተኛ፣ በቅሬና በማኅበር ያለው ነባር ሥርዓት ለዚህ የተመቸ መሠረት አለው። ለሞት የተዘጋጀውን ያህል ለኑሮም ሊዘጋጅ ይችላል።

ምጽዋት በዚህ ትምህርት ውስጥ ቦታውን አያጣም። ሽማግሌውን፣ ወላጅ አልባውን ሕፃንና በሽተኛውን ገበያም ደመወዝም አይደርስላቸውም። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ከመቀመጣቸው በፊት በሬ፣ ማሳ ወይም ሥራ ነበራቸው። በዚያን ጊዜ እህል የሸጠላቸው፣ ያበደራቸው ወይም ያሠራቸው ሰው ምናልባት ዛሬ ሳንቲም እየጣለላቸው ያልፍ ይሆናል። ሒሳቡን እንዲያቀርብ የታዘዘው መጋቢ የሚጠየቀው ስለ ሳንቲሟ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ ስላለፉት ቀናትም ነው።